ትውስታን በማግኔት መፈለግ

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የግል የምርመራ ማዕከል የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ ማሽን) ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከታካሚ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የረሳው ነገር እዚህ ላይ ይታያል?» ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር መባሉ የታወቀ ስለሆነ፣ አለመሆኔን ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጥያቄውን ግን እንዲሁ ላልፈው አልቻልኩም። ለቤተሰቡ የምሰጠው አጭር መልስ «አይታይም» የሚል ነው፤ ረጅሙን መልስ ግን በመተላለፊያ ላይ ቆሞ መናገር ስለማይመች እዚህ ልጻፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የምናነሳው ፊልም የሚያሳየው ቅርጽን ነው። 1.5 ቴስላ የሚባለው ማግኔት ከመሬት መግነጢሳዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ በዚያ ኃይል ውስጥ በሰውነታችን ውኃና ስብ የሚገኘው ሃይድሮጅን የሚሰጠው ምልክት ተሰብስቦ ምስል ይሆናል። ከምስሉ ላይ ዕጢ፣ የደም መፍሰስ፣ የቆየ ስትሮክ፣ የአንጎል መሟሸሽ ይነበባል። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ሲመጣ በተለይ ከጆሮ ወደ ውስጥ ባለው የአንጎል ክፍል ያሉትን፣ ለትውስታ ዋና የሆኑትን ሁለት ሂፖካምፐሶች በቀጫጭን ቁርጥ እናነሳለን፤ መጠናቸው ቀንሶ፣ በዙሪያቸው ያለው የፈሳሽ ክፍተት ሰፍቶ እንደሆነ ራዲዮሎጂስቱ ያያል። ይህ ሁሉ ስለ ዕቃው እንጂ ዕቃው ስለሚሠራው ሥራ አይናገርም። የአንጎልን ሥራ ለማየት የሚደረገው ምርመራ ሌላ ነው፤ በአብዛኛውም የሚካሄደው ለታካሚ ሳይሆን ለምርምር ነው።

በበጋው ወራት አንዲት ሴት አባቷን ከአለታ ወንዶ ይዛ መጣች። ሰውየው ዕድሜያቸውን ልብስ በመስፋት ያሳለፉ ናቸው። ወደ ማሽኑ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሰዓት፣ ሳንቲምና የአንገት መስቀላቸውን እንዲያወልቁ ስጠይቃቸው የት እንዳሉ አላወቁም፤ «ዲላ» አሉ፤ ልጃቸውንም በእህታቸው ስም ጠሯት። መስቀላቸውን ስቀበላቸው ግን የጋዋኔን እጅጌ ጫፍ ያዙ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያንሸራተቱ ዳሰሱት፤ ገልብጠው ውስጡን አዩና «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ላልቶ ነው የተዘመዘመው፤ ሁለት እጥበት አይችልም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ ክሩ ከአንድ በኩል መፈታት ጀምሯል። ልጅቷ ከጎናቸው ቆማ «ሥራውን ያልረሳ ሰው እኔን እንዴት ይረሳል?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው የሳይንስ መልስ የተገኘው ከማሽን ሳይሆን ከታካሚዎች ነው። በ1911 ኤዱዋር ክላፓሬድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም፣ አዲስ ነገር መያዝ የተሳናትን አንዲት ታካሚ በጣቶቹ መካከል መርፌ ደብቆ ጨበጣት። ሴትየዋ የሆነውን ወዲያው ረሳችው፤ በኋላ ግን እጁን ሲዘረጋላት እጇን ሰበሰበች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ የራሷን ትዝታ መጥቀስ አልቻለችም። በ1953 ደግሞ አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ በሁለቱም ወገን ያለውን ሂፖካምፐሱን በአብዛኛውና በአካባቢው ያለውን የአንጎል ክፍል አጣ። ያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ በ2008 እስኪሞት ድረስም አዲስ ትዝታ መያዝ እንደተሳነው ኖረ። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲሥል አደረገችው። በተከታታይ ቀናት እጁ እየተካነ ሄደ፤ እሱ ግን በየቀኑ ሥራውን ገና ሲጀምረው እንደሆነ ያስብ ነበር። ከዚያ በ1970 ኤልዛቤት ዋሪንግተንና ላሪ ቫይስክራንትዝ የሚባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ ቃላትን አጥንተው የረሱ ታካሚዎች የቃሉ ቁራጭ ሲቀርብላቸው ከጤነኛው ባልተናነሰ ሁኔታ ያንኑ ቃል እንደሚያወጡ አሳዩ።

በ1985 ፒተር ግራፍና ዳንኤል ሻክተር እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ግልጽ ትውስታና ስውር ትውስታ ብለው ለዩዋቸው። ግልጹ ሰው «ይህን አስታውሳለሁ» ብሎ የሚያቀርበው ነው። ስውሩ ደግሞ ሰውየው ሳያውቀው በሥራው፣ በፍጥነቱ፣ በምርጫው የሚገለጥ ያለፈ ልምድ ነው። ስውሩ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በሀዋሳ ገብርኤል ፊት ሳልፍ ሐሳቤ ሌላ ቦታ እያለ እጄ የሚያማትበው ከልማድ ወገን ነው፤ ልማድና የእጅ ሙያ በአብዛኛው በአንጎል ጥልቅ ክፍል ባለው ስትራያተምና በኋለኛው ትንሹ አንጎል ላይ ይደገፋሉ። ጠዋት ያነበብኩት ቃል ከሰዓት በኋላ ሳልፈልገው ምላሴ ላይ የሚመጣው ግን የሌላ ወገን ነው። የልብስ ሰፊው ጣቶች የመጀመሪያው ወገን ናቸው። በአልዛይመር ሕመም ጉዳቱ ሂፖካምፐስና ከአጠገቡ ባለው ክፍል አካባቢ እንደሚጀምር ሃይኮና ኢቫ ብራክ በ1991 አሳይተዋል። እንቅስቃሴን የሚመሩት ክፍሎች ዘግይተው ስለሚነኩ፣ የልጅ ስም የጠፋበት ሰው የዝምዝማትን መላላት ሊለይ ይችላል። ሰውየው አልዛይመር ይኑራቸው አይኑራቸው የሐኪማቸው ጉዳይ ነው፤ የልጅቷ ጥያቄ ግን ቢያንስ በመርህ ደረጃ መልስ አለው።

ተመራማሪዎቹ ማሽኑን ወደ ጤነኛ ሰው ሲያዞሩት የጠበቁት ይኸው ክፍፍል በምስል ሆኖ እንዲወጣላቸው ነበር፤ ሂፖካምፐስ ሲሠራ ግልጽ ትውስታ፣ ሳይሠራ ስውር ትውስታ። በ1992 ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቹ በፔት ስካን (ጨረራማ ነገር ወግቶ የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ማሽን) ያደረጉት ሙከራ የዚህ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተሳታፊዎቹ የቃላት ዝርዝር አዩ፤ ከዚያ የቃላት መጀመሪያ ብቻ ቀረበላቸው። በእኛ ፊደል ብናስበው፣ «መስኮት» የሚለውን ካየን በኋላ «መስ» የሚል ቁራጭ ብቻ እንደማየት ነው። «መጀመሪያ የመጣልህን ቃል በል» ከተባልን ብዙዎቻችን መስቀልን፣ መስከረምን ወይም መስታወትን ትተን መስኮት እንላለን፤ ይህ ስውሩ ነው። «ከዝርዝሩ ውስጥ የነበረውን ቃል አስታውስ» ስንባል ደግሞ ግልጹን እንጠቀማለን። በአስታውስ ጊዜ በቀኝ በኩል ያለው የሂፖካምፐስ አካባቢና የግንባሩ ክፍል ሥራ ጨመረ። «መጀመሪያ የመጣልህን ቃል በል» በተባሉበት ጊዜ ግን በቀኝ በኩል ባለው የኋለኛው የማየት ክፍል ሥራው ከወትሮው ቀነሰ።

ይህን ሳነብ የገረመኝ መቀነሱ ነው። ስውር ትውስታ በምስሉ ላይ የሚታየው በመብራት ሳይሆን በመደብዘዝ ነው፤ አንጎል ከዚህ በፊት ያየውን ነገር ዳግም ሲያይ በጥቂት ሥራ ይወጣዋል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ ሪቻርድ ሄንሰንና ባልደረቦቹ በ2000 እንዳሳዩት፣ የታወቀ ሰው ፊት ሲደጋገም ፊት በሚለየው የቀኝ አንጎል ክፍል ምልክቱ ይቀንሳል፤ የማይታወቅ ሰው ፊት ሲደጋገም ግን በዚያው ቦታ ይጨምራል። ምናልባት አዲሱ ፊት ገና መልክ እየተሰጠው ስለሆነ ይሆናል። ስለዚህ ማንም «እዚህ ቦታ ቀንሷልና ትውስታ አለ» ብሎ ከአንድ ሰው ምስል ላይ ሊያነብ አይችልም።

ፔት ስካን ሌላም ችግር ነበረበት። ለዚህ ሥራ የሚወጋው ጨረራማ ኦክስጅን በ2 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በግማሽ የሚጠፋ ሲሆን፣ አንዷ ምስል የአንድ ደቂቃ ያህል ሥራ ድምር ናት። በዚያች ደቂቃ ተሳታፊው መስኮት ካለ በኋላ «አሃ፣ ከዝርዝሩ ነበር እኮ» ቢል፣ በስውር የጀመረው ነገር በግልጹ ይቀላቀላል፤ ምስሉም ሁለቱን አንድ ላይ ያቀርባቸዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ስውር ትውስታን ብቻውን መያዝ የዚህን ያህል አስቸጋሪ ነው። የሞላይሰን ጉዳት ባይኖር ኖሮ ሁለቱን የለያቸው አይገኝም ነበር ብዬ እስከማሰብ ደርሻለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከኤምአርአይ በኩል ነው። ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 እንዳሳየው፣ ኦክስጅኑን ያስረከበ ደም ማግኔቱን በጥቂቱ ይረብሻል፤ ኦክስጅን የያዘው አይረብሽም። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ከሚያስፈልገው በላይ ደም ስለሚላክለት ረብሻው ቀንሶ ምልክቱ ከፍ ይላል። ነገር ግን ይህ የነርቮቹን ሥራ ማየት አይደለም፤ የድግስ ቤቱን ሳያዩ ውኃ የጫነው ጋሪ ወዴት እንደሚታጠፍ እያዩ ድግሱ የት እንዳለ እንደመገመት ያለ ነው፤ ጋሪውም ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ምልክቱ ጫፍ የሚደርሰው ከሥራው 5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲሆን፣ አንዷ የምስሉ ነጥብ ብዙ ጊዜ በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር ናት፤ በውስጧም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነርቮች አሉ። ቢሆንም በ1990ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱን ጥያቄ ለብቻው አንስቶ ተሳታፊው በሰጠው መልስ መሠረት መደርደር ተቻለ፤ ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር።

ያን ጊዜ የኤንደል ቱልቪንግ አሮጌ ሐሳብ ሥራ ላይ ዋለ። ቱልቪንግ በ1985 ተሳታፊዎቹን አንድ ቃል አይተውት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ያዩበት ቅጽበት ይመለስላቸው እንደሆነ ወይስ ማየታቸውን ብቻ ያውቁ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። በሀዋሳ ፒያሳ የምናገኘውን ሰው «አውቀዋለሁ፣ ግን ከየት?» የምንልበት ሁኔታ ሁለተኛው ነው። ላውራ ኤልድሪጅና ባልደረቦቿ በ2000 ይህንኑ በኤምአርአይ ውስጥ ሲጠይቁ፣ ሂፖካምፐስ ቅጽበቱ ለተመለሰላቸው ቃላት ሥራው ሲጨምር፣ ማወቅ ብቻ ለነበረባቸው ግን ሳይጨምር ቀረ። ከዚያ አስቀድሞ በ1996 የሻክተር ቡድን በፔት ስካን፣ ለማስታወስ መታገል የግንባሩን ክፍል፣ ማስታወሱ ሲሳካ ደግሞ ሂፖካምፐስን እንደሚያሠራ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ሂፖካምፐስ የግልጽ ትውስታ በር ነው የሚለው አነጋገር ተቀባይነቱ ሰፋ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም እንደዚያው ያስተምሩን ነበር።

በ2009 የዴቦራ ሃኑላና የቻራን ራንጋናት ሙከራ ይህን በር ከፍቶ ወጣ። ተሳታፊዎቹ የሰው ፊት በአንድ የቦታ ፎቶ ላይ ተደርቦ ያያሉ፤ ብዙ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ያጠናሉ። በኋላ ቦታው ብቻውን ይቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶ በላዩ ሦስት ፊቶች ይመጣሉ፤ ሦስቱም ከዚህ በፊት የታዩ ናቸው፤ ከዚያ ቦታ ጋር የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ተሳታፊው ይመርጣል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይመዘገባል። ቦታው ብቻውን በቀረበበት ሰዓት ሂፖካምፐስ በርትቶ ከሠራ፣ ፊቶቹ ሲመጡ ዓይን ትክክለኛው ፊት ላይ ይበልጥ ይቆይ ነበር። ይህ የሆነው ግን በትክክል ለመረጡት ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተውን ፊት የመረጡ ሰዎችም ዓይናቸው ሂፖካምፐሱን ይከተል ነበር። አፍ «ይኼኛው ነው» እያለ ዓይን ሌላውን እያየ ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ በተሰጠበት ጊዜ የተጨመረው ነገር በግንባሩ ክፍልና በሂፖካምፐስ መካከል የጠነከረ የሥራ ትስስር ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ጥናት ትልቁ ይህ ነው። ሂፖካምፐስ ያለፈውን ማገናኘት ይችላል፤ ማገናኘቱን ለሰውየው መንገር ግን ሌላ ሥራ ነው። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የምትሠራው ተመራማሪ ካታሪና ሄንከ በ2010 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርባለች፤ የትውስታ ክፍሎች መለየት ያለባቸው ሰውየው በማወቅ ባለማወቁ ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ ዓይነት ነው ትላለች፤ ሂፖካምፐስ ፊትን ከቦታ፣ ስምን ከሰው በፍጥነት የሚያስተሳስር ነው፤ ባለቤቱ ይወቀው አይወቀው። በሌላ ወገን የሚከራከሩ፣ ዓይኑ ትክክል ያየ ሰው ደካማ ጥርጣሬ ሳይኖረው አይቀርም፣ ጥያቄው ስላልፈቀደለት ብቻ አልተናገረውም ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰው አለማወቁን የምናውቀው እሱ ራሱ ሲነግረን ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሰዎች ስለ «አእምሮ አንባቢ ማሽን» ሲያወሩ የሚዘሉት። ጄሲ ሪስማን፣ ሄንሪ ግሪሊና አንቶኒ ዋግነር በ2010 ያሳተሙት ጥናት ኮምፒዩተር የአንጎልን ምስል አይቶ አንድ ፊት ለሰውየው የታየ ይሁን አዲስ መለየት ይችል እንደሆነ ፈተነ። ሰውየው «አይቼዋለሁ» ወይም «አላየሁትም» ያለውን ኮምፒዩተሩ በጥሩ ሁኔታ ለየ። ነገር ግን ሰውየው ለሁለት ፊቶች አንድ ዓይነት ስሜት ሲኖረው፣ የትኛው በእርግጥ እንደታየ የትኛው እንዳልታየ መለየት አቃተው። ተሳታፊዎቹ ትውስታቸውን ሳይጠየቁ ፊቶቹን ለሌላ ነገር ብቻ እንዲመለከቱ በተደረገ ጊዜም ንባቡ እጅግ ደካማ ሆነ። ስለዚህ ማሽኑ ያነበበው ሰውየው የሚያምነውን ነው፤ የሆነውን ነገር አይደለም። ከልቡ የተሳሳተ ምስክርና ከልቡ ትክክል የሆነ ምስክር በማግኔቱ ውስጥ እጅግ ይመሳሰላሉ።

ይህን ያወቅን ከሆነ በ2008 በሕንድ ፑኔ የሆነው ያሳስባል፤ በኤሌክትሪክ የአንጎል ንባብ የተገኘ ውጤት፣ ተከሳሿ ወንጀሉን እንደምታስታውስ ማስረጃ ተደርጎ በፍርድ ውሳኔ ውስጥ ተጠቀሰ። ዘዴው ኤምአርአይ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የማስታወስ ስሜትን ከሆነው ነገር ጋር አንድ ማድረግ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት መቅረቡን አልሰማሁም፤ ነገር ግን «ውሸታም የሚያጋልጥ ማሽን አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ።

ምስሎቹን በራሳቸው ያለ ጥርጣሬ መቀበልም አደጋ አለው። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ የስታቲስቲክስ እርማት ሳያደርጉ ሲያሰሉት «ሥራ» ያለበት ነጥብ በዓሣው አንጎል ውስጥ ተገኘ። አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዛ ለሚውል የሀዋሳ ሰው ይህን ስነግረው ከሁሉ በላይ የሚያስቀው ነው፤ መልእክቱ ግን ተግባራዊ ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ሲፈተኑ አንዳንዱ በአጋጣሚ ብቻ ይበራል። ዛሬ ጥሩ ጥናት ያለ እርማት አይታተምም።

በጠቀስኳቸው ጥናቶች ውስጥ «ግልጽ» እና «ስውር» የሚለው መለያ ከማግኔቱ አልወጣም፤ ከተሳታፊው አፍ ወይም ከተጫነው ቁልፍ እንጂ። ማሽኑ ያንን ቃል ከደም ፍሰት ጋር አገናኘው። ለዚህ ነው ወደ እኛ የሚመጣው የመጠየቂያ ወረቀት የሚያሳስበኝ። አብዛኛውን ጊዜ በክሊኒካዊ መረጃው ቦታ ላይ «የማስታወስ ችግር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይጻፋል፤ ራዲዮሎጂስቱም ሁለት ሂፖካምፐስ አይቶ ከዚያች መስመር ጋር ያያይዛል። እኔ ብጠየቅ ሁለት መስመር እንዲጨመር እፈልጋለሁ፤ ታካሚው ሲጠየቅ ምን መመለስ እንዳቃተው፣ ሳይጠየቅ ደግሞ ቤተሰቡ ምን በትክክል ሲሠራ እንዳየው። አሠሪዎቻችንንም ለላኪ ሐኪሞች የሚሰጠው ቅጽ በሚቀጥለው ሲታተም ሁለቱ መስመሮች እንዲገቡበት ጠይቄያለሁ፤ ቦታ አለ፣ የታችኛው ጠርዝ ባዶ ነው።